ከግዙፎቹ መንደር ወደ ድንኩ ሳይንስ፦ መድኃኒትን አድራሻው ድረስ የሚያደርሱ ኬሚስቶች

በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ ምግብ አይደለም፤ ስለ አንድ ሙያ ነው። ምክንያቱን እንንገራችሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚታወቅበት ሰሞን በየሰፈሩ አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማል። «ልጄ ሕክምና ይደርሰዋል ብዬ ነበር፤ ኬሚስትሪ ሆነ» ይባላል። ጎረቤትም «አይዞሽ፣ ለኸይር ነው» ብሎ እንደ ለቅሶ ቤት ያጽናናል። ልጁም ጥግ ይዞ አንገቱን ይደፋል። ለመሆኑ ይህ ልጅ የሚያሳዝን ነገር ደርሶበታል? እስቲ ነገሩን ከሐርላ ጀምረን እንመልከተው።

ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለው በሐርላ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረ ወግ አለ። ጥንት በዚያ የኖሩት ሰዎች ግዙፎች ነበሩ፤ ተራ ሰው የማያነቃንቃቸውን ድንጋዮች ተሸክመው ቤት የሠሩትም እነርሱ ናቸው ይባላል። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሯቸው አርኪዮሎጂስቶች ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ቦታውን ቆፍረው ነበር። ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲያደርጉ ግን ከመሬት የወጣው የግዙፎች ነገር አልነበረም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የሙስሊሞች መቃብር፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የመጡ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኙ። ከብር፣ ከነሐስ፣ ከከበሩ ድንጋዮችና ከብርጭቆ ዶቃና ጌጣጌጥ ይሠራ እንደነበረም ታወቀ።

እንግዲህ የጥንቶቹ ሐርላዎች ሙያ ሁለት ነገር ነበር ማለት ነው። አንደኛው ጥቃቅን ነገርን በጥንቃቄ መሥራት ሲሆን ሁለተኛው ዕቃን ከሩቅ አገር አምጥቶ፣ ወደ ሩቅ አገር ልኮ፣ በትክክል ማድረስ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ኬሚስቶችም ሥራቸው እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ልዩነቱ የሚሠሩት ዶቃ በዓይን የማይታይ መሆኑና የሚያደርሱትም ዕቃ መድኃኒት መሆኑ ነው። ሳይንሱ «ናኖ» ይባላል፤ ቃሉ የመጣው ከግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙ «ድንክ» ማለት ነው። የግዙፎች ወግ በሚነገርበት መንደር ስለ ድንኩ ሳይንስ ማውራት የተገባ ይመስለናል።

ናኖ ማለት ምን ያህል ነው?

አንዲት የጤፍ ቅንጣት መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ። ርዝመቷ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። ይህን አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ብትከፍሉት የምታገኙት አንድ ናኖሜትር ነው። መድኃኒት የሚሸከሙት ጥቃቅን ጥቅሎች ብዙውን ጊዜ 100 ናኖሜትር አካባቢ ይሆናሉ። አሥር ሺህ የሚሆኑት ጎን ለጎን ቢሰለፉ የጤፏን ርዝመት ያህል ነው የሚሞሉት።

ይህ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በየቀኑ ትጠጡታላችሁ። ወተት ውስጥ ካዚን የሚባል ፕሮቲን አለ። ካዚን ካልሲየምና ፎስፌትን በጥቃቅን ድቡልቡል ጥቅሎች ይዞ ወተቱ ውስጥ እንዲንሳፈፉ ያደርጋል፤ መጠናቸውም ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ያን ያህል ካልሲየምና ፎስፌት በንጹሕ ውኃ ውስጥ ቢጨመር እንደ ኖራ ዘቅጦ ይቀር ነበር። ወተት ነጭ የሚሆነውም እነዚህ ጥቅሎችና የቅባቱ ጠብታዎች ብርሃንን ስለሚበትኑ ነው። ስለዚህ እናት ልጇን ስታጠባ የአጥንት መሥሪያ ማዕድን በናኖ ጥቅል አሽጋ እየሰጠችው ነው። አላህ በፍጥረት ውስጥ ያኖረውን ይህን ጥበብ ኬሚስቶች ተመልክተው ለመድኃኒት ሊጠቀሙበት ተነሡ።

መድኃኒት ለምን ተሸካሚ ያስፈልገዋል?

ከከፊራ ገበያ የገዛችሁትን ዕቃ ሳቢያን ላለ ዘመዳችሁ በባጃጅ ላካችሁ እንበል። አድራሻ ግን አልሰጣችሁም። ባለባጃጁ በየበሩ እያንኳኳ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ እየሰጠ ቢሄድ ለዘመዳችሁ የሚደርሰው ምን ያህል ነው? ብዙ መድኃኒቶች በሰውነታችን ውስጥ የሚሄዱት እንዲህ ነው። በደም ተጉዘው በሽታ ያለበትንም የሌለበትንም አካል ይነካሉ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጸጉሩ የሚረግፈውና የሚያስመልሰው መድኃኒቱ ጤነኞቹን ሴሎች ጭምር ስለሚያገኛቸው ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። አንዳንዱን መድኃኒት የጨጓራ አሲድ ያበላሸዋል፤ አንዳንዱን ጉበት ይሰባብረዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። አንዳንዱ ከነጭራሹ በውኃ ስለማይሟሟ ደም ውስጥ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ «መድኃኒቱ በሽታውን ይገድላል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «እንዴት ሳይበላሽና ሌላውን ሳይጎዳ ይደርሳል?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ አለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ያዝዛል፤ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሱት ግን በአብዛኛው ኬሚስቶችና የፋርማሲ ተመራማሪዎች ናቸው።

ሳሙና የሚያስተምረን

ነገሩን ለመረዳት ወደ ልብስ አጣቢዋ እናት እንሂድ። ቅባት የነካው ነጠላ በውኃ ብቻ አይለቅም፤ ዘይትና ውኃ አይስማሙምና። ሳሙና ሲጨመር ግን ይለቃል። የሳሙና ሞለኪውል ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ጫፍ ውኃ ይወዳል፤ ሌላው ውኃ ጠልቶ ቅባት ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ እድፉን ሲይዝ ውኃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ውጭ ይዞራል። በዚህ ዓይነት እድፉ በጥቃቅን ድቡልቡሎች ታሽጎ ከውኃው ጋር ይሄዳል። እናታችን ሳታውቀው የናኖ ጥቅል ሠራች ማለት ነው።

ከሳሙና ጋር የተያያዘ የሀገራችን ታላቅ የሳይንስ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የብልሃርዝያን ጥገኛ ተውሳክ የሚያስተላልፉ ናቸው። ከዚያች ምልከታ የተነሣ እንዶድ በብልሃርዝያ ላይ ምርምር የሚደረግበት ተክል ሆነ፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ተቀበሉ። ነገሩን አስተውሉት፤ ልብስ የሚታጠብበትን ወንዝ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ጥያቄ አድርጎ ያየው ግን አንድ ሰው ነው።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሳሙናን በአዲስ ዓይን አይቷል። ሄማን በቀለ በአዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ ነው። በልጅነቱ በኢትዮጵያ በጠራራ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ ሰዎችን ማየቱን ያስታውሳል። ካደገ በኋላ ስለ ቆዳ ካንሰር ሲያነብ ያ ትዝታ ተመለሰበትና ብዙ ሰው ሊገዛው በሚችል ሳሙና መድኃኒት ማድረስ ይቻል እንደሆነ መሞከር ጀመረ። ያጋጠመው እንቅፋት ግልጽ ነበር፤ ሳሙና ይታጠባል፣ መድኃኒቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ኢሚክዊሞድ የተባለውን መድኃኒት ከቅባት በተሠሩ ናኖ ቅንጣቶች አድርጎ፣ አረፋው ታጥቦ ሲሄድ ቅንጣቶቹ ቆዳው ላይ እንዲቀሩ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ2023 በ14 ዓመቱ የአሜሪካን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸንፎ 25,000 ዶላር ተሸለመ፤ በ2024 ደግሞ ታይም መጽሔት «የዓመቱ ልጅ» ብሎ መረጠው። ምርምሩን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ቀጥሏል። እዚህ ላይ ማሳሰብ ያለብን፣ ሳሙናው ገና በምርምር ላይ ያለ እንጂ ከሱቅ የሚገዛ መድኃኒት አለመሆኑን ነው።

ከመተማ ሜዳ የመጣ ሕመምተኛ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የወደፊት ተስፋ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን የናኖ መድኃኒት በሀገራችን ሆስፒታሎች ውስጥ የሰው ሕይወት ማትረፍ ከጀመረ ቆይቷል።

ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታውቁት ይሆናል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በመተማና በሑመራ ቆላ፣ ሰሊጥና ማሽላ ለማጨድ የሚሄዱ የቀን ሠራተኞችን ክፉኛ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሆኖ ተከስቶ ነበር። ሕመምተኛው ለሳምንታት ያተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመም ይሞታል።

ለዚህ በሽታ ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች አንዱ አምፎቴሪሲን ቢ ይባላል። ተውሳኩን በመግደል የታወቀ ነው፤ ግን ኩላሊትንም በመጉዳት የታወቀ ነው። ኬሚስቶች መድኃኒቱን ራሱን አልለወጡም፤ መጓጓዣውን ለወጡት። ሊፖዞም በሚባል፣ ከ100 ናኖሜትር በሚያንስ የቅባት ድቡልቡል ውስጥ አኖሩት። ሊፖዞም የሳሙናውን ዓይነት ሁለት ጫፍ ካላቸው ሞለኪውሎች የተሠራ ነው፤ ልዩነቱ ሞለኪውሎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው ግድግዳ መሥራታቸው ነው። የሊፖዞምን ባሕርይ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳወቁት እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም ናቸው።

የግድግዳው ጥሬ ዕቃ ምን እንደሆነ ብታውቁ ትገረማላችሁ። ከዋነኞቹ አንዱ ከአኩሪ አተር የሚወጣ ቅባት ነው። ተመሳሳዩ ቅባት በእንቁላል አስኳል ውስጥም አለ፤ ዘይትና ውኃ በአስኳል ሲመቱ የሚዋሃዱት በእርሱ ምክንያት ነው።

አሁን ጥበቡን ተመልከቱ። የካላዛር ተውሳክ የሚደበቀው በጉበት፣ በጣፊያና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ባሉ፣ ባዕድ ነገርን ውጠው በሚያጠፉ ሴሎች ውስጥ ነው። እነዚሁ ሴሎች የሊፖዞሙን ድቡልቡል ሲያዩ «ባዕድ ነገር» ብለው ይውጡታል። መድኃኒቱም በገዛ እጃቸው ወደ ተውሳኩ መደበቂያ ይገባል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውም ይቀንሳል። በዚህ መንገድ የተሠራው አምቢዞም የተባለው መድኃኒት በሀገራችን በጠና ለታመሙ፣ ለነፍሰ ጡሮች እንዲሁም ከካላዛር ጋር ኤች አይ ቪ ላለባቸው ሕመምተኞች ይሰጣል። ለብዙ ዓመታት የተለመደው የምሥራቅ አፍሪካ ሕክምና 17 ቀን ሙሉ በየቀኑ መርፌ መወጋትን የሚጠይቅና ለእንዲህ ያሉት ደካማ ሕመምተኞች የሚከብድ ስለነበር የአምቢዞም ጥቅም ትልቅ ነው።

በካንሰር ሕክምናም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ልብን የሚጎዳው ዶክሶሩቢሲን የተባለ መድኃኒት በሊፖዞም ተሸፍኖ «ዶክሲል» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ተፈቀደ። ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ቀነሰ።

ዘረ-መልን ተሸክሞ መግባት

አንዳንድ በሽታ ደግሞ ከውጭ በመጣ ተውሳክ የሚመጣ አይደለም፤ በሴል ውስጥ ያለው የዘረ-መል ጽሑፍ ስለተሳሳተ የሚመጣ ነው። ይህን ለማረም ትእዛዝ የያዘ ሞለኪውል ወደ ሴሉ ውስጥ መግባት አለበት። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሞለኪውል እጅግ ስስ ነው፤ ደም ውስጥ ራቁቱን ቢገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይበጣጠሳል። የሴሉ ግድግዳም አያስገባውም። ስለዚህ ተሸካሚው እዚህ ላይ ከመድኃኒቱ እኩል ያስፈልጋል።

በካናዳ የሚኖሩት ፒተር ኩሊስና ባልደረቦቻቸው ለዚህ የሚሆኑ የቅባት ቅንጣቶችን ለብዙ ዓመታት ሲያበጁ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦንፓትሮ የተባለ፣ በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ የሚታከምበት መድኃኒት በዚህ ዓይነት ቅንጣት ተጭኖ ተፈቀደ። በኮቪድ ጊዜ የተሠሩት የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶችም መልእክታቸውን ወደ ሴል ያስገቡት በቅባት ናኖ ቅንጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በአሜሪካ ፊላደልፊያ በጉበቱ የዘረ-መል ጉድለት ታሞ ለተወለደ አንድ ሕፃን፣ ለእርሱ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ የዘረ-መል ማረሚያ በእንዲህ ያለ ቅንጣት መሰጠቱ ተነገረ። ሕፃኑም ተሻሽሎ ከሆስፒታል ወጣ።

የዚህ ሙያ ሕይወት ምን ይመስላል?

ውድ ወላጆች፣ ወደ መነሻችን እንመለስ። ልጃችሁ ኬሚስትሪ ደርሶታል። ከፊቱ ያለው መንገድ ምን ዓይነት ነው?

በመጀመሪያ፣ መንገዱ ረጅም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ አለ፤ ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪ፤ ምርምሩን በራሱ ለመምራት ደግሞ ሦስተኛ ዲግሪ ያስፈልገዋል። በአጠቃላይ ከአሥር ዓመት የማያንስ ትምህርት ነው። ከኬሚስትሪ በተጨማሪ በፋርማሲ፣ በኬሚካል ምሕንድስናና በባዮሎጂ በኩልም ወደዚህ ሙያ ይገባል። በአቅራቢያችን የድሬዳዋና የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪ ያስተምራሉ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ናኖ ቴክኖሎጂን ከምርምር ዘርፎቹ አንዱ አድርጎታል።

የዕለት ሥራውስ? ኬሚስቱ ጠዋት ቅባቶቹን ይመዝናል፣ በአልኮል ያሟሟል፣ ከውኃ ጋር በልኩ ያዋሕዳል። ከዚያ የቅንጣቶቹን መጠን በጨረር ብርሃን ይለካል፤ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደተጫነ፣ ምን ያህልም እንደሚያፈስ ይቆጥራል። አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። ነገ ደግሞ አንዱን መጠን ለውጦ እንደገና ይሞክራል። ሥራው በአንድ ሰው የሚያልቅ አይደለም፤ ባዮሎጂስቱ፣ ፋርማሲስቱና ሐኪሙ አብረው ይሠራሉ።

ትዕግሥት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከሁለት ሰዎች ሕይወት እንማር። አሜሪካዊው ሮበርት ላንገር እ.ኤ.አ. በ1974 በኬሚካል ምሕንድስና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ሲጨርሱ የነዳጅ ኩባንያዎች ጥሩ ደመወዝ ይዘው ይፈልጓቸው ነበር። እርሳቸው ግን ቦስተን ውስጥ ከአንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ለመሥራት መረጡ። ትልልቅ ሞለኪውሎችን ቀስ በቀስ የሚለቅ ፕላስቲክ መሥራት እንደሚቻል ቢያሳዩም የሚያምናቸው ጠፋ፤ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ የምርምር ገንዘብ ጥያቄዎቻቸው ውድቅ ተደረጉ። በኋላ የመስኩ አባት ከሚባሉት አንዱ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተመሠረተው የሞደርና ኩባንያ መሥራቾችም አንዱ ናቸው።

የሃንጋሪ ተወላጇ ካታሊን ካሪኮ የሥጋ ሻጭ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ገንዘባቸውን በልጃቸው አሻንጉሊት ውስጥ ሰፍተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 «ምርምርሽ ውጤት የለውም» ተብለው ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ። እርሳቸው ግን አልተዉትም። ከድሩ ዋይስማን ጋር በ2005 ያሳተሙት ግኝት ለኮቪድ ክትባቶች መሠረት ሆነ፤ በ2023 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሕክምና ወይስ ኬሚስትሪ እያላችሁ ለምትጨነቁ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ምሳሌ እንጨምር። በ1933 (እ.ኤ.አ.) በግብፅ የተወለዱት ሙስጠፋ አል-ሰይድ በአሜሪካ የታወቁ ኬሚስት ሆኑ። ልጃቸው ኢቫን ደግሞ የጭንቅላትና የአንገት ቀዶ ሐኪም ሆነ። አባትና ልጅ አብረው፣ በብርሃን የሚሞቁ የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች የካንሰር ሴልን መግደል እንደሚችሉ በቤተ ሙከራ መረመሩ። አባት እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተሸለሙ። በዚያ ቤት ሐኪሙና ኬሚስቱ የሚደጋገፉ እንጂ አንዱ የሚመሰገንበት ሌላው የሚታዘንለት አልነበሩም።

በሀገራችንም የመድኃኒት ማድረሻን ሙያ የሚያስተምሩና የሚመራመሩ አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም እ.ኤ.አ. በ1996 ከጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር የእንሰት ስታርች የመድኃኒት ክኒንን ለማያያዝና በሆድ ውስጥ እንዲፈርስ ለማድረግ እንደሚያገለግል የሚያሳይ ጥናት አሳትመዋል። ይህ ናኖ አይደለም፤ መንፈሱ ግን አንድ ነው። ከራሳችን ጓሮ ባለው ነገር መድኃኒትን ማድረስ!

እውነቱን ሳንደብቅ እንንገራችሁ፤ እንቅፋቱ ብዙ ነው። ቅንጣቶቹን የሚያሳየው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እጅግ ውድ ነው። ኬሚካሉ ከውጭ በምንዛሪ ይመጣል። ብዙዎች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ይሄዳሉ። ቢሆንም ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ምርምር ባይሠራም በመድኃኒት ፋብሪካዎች፣ በጥራት መቆጣጠሪያ ቤተ ሙከራዎችና በትምህርት ቤቶች ሥራ አለው። የተጭበረበረ መድኃኒትን ለይቶ የሚያወጣውም እርሱ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የመድኃኒት መሸፈኛ የሆነው ጀላቲን ከየትኛው እንስሳ እንደተሠራ የሚጠይቁን አንባቢያን አሉ። ከእንስሳ ሳይሆን ከዕፅዋት ሴሉሎስ የሚሠራ መሸፈኛ በኬሚስቶች ተሠርቶ በሥራ ላይ ውሏል። ብይኑን ከዑለማዎች ትጠይቃላችሁ፤ የመድኃኒቱ ጥሬ ዕቃ ምን እንደሆነ አጣርቶ የሚነግራችሁ ግን ኬሚስት ነው። መድኃኒታችሁን ግን በጥርጣሬ ብቻ አታቋርጡ።

ያልተፈታው የሙቀት ጥያቄ

አሁን የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነገር ላይ ደረስን። እነዚህ የቅባት ጥቅሎች ትልቅ ጠላት አላቸው፤ እርሱም ሙቀት ነው። የድሬዳዋ ሰው ሙቀት ምን እንደሚያደርግ መምህር አያስፈልገውም። ቅቤ በሚቀልጥበት ቀን የቅባት ግድግዳም ይላላል።

የፋይዘር ክትባት መጀመሪያ ሲወጣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ ነበረበት። አምቢዞም በዱቄት መልክ ቢዘጋጅም ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀመጥ ታዝዟል። ካላዛር ያለው ግን የት ነው? በመተማና በሑመራ ቆላ፣ ጥላ ውስጥ እንኳ ከዚያ በላይ በሚሞቅበት አገር ነው። መድኃኒቱን የሚፈልጉት እንግዲህ በሞቃት አገር ናቸው።

ኬሚስቶች ለዚህ መፍትሔ እየፈለጉ ነው። ከመንገዶቹ አንዱ ጥቅሉን በስኳር አድርጎ ማድረቅ ነው። ስኳሩ በውኃው ቦታ ገብቶ ግድግዳው እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል፤ አምቢዞም ውስጥም ስኳር የገባው ለዚህ ነው። አንድ አዲስ መድኃኒት ሙቀት መቻሉ ሲፈተን ብዙውን ጊዜ በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ75 በመቶ እርጥበት ውስጥ ለ6 ወር ይቀመጣል። ለአውሮፓ ይህ ልዩ ፈተና ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላለ የቆላ ጤና ኬላ ግን ከዕለት ኑሮው ብዙም የራቀ አይደለም። እንግዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ገጠር የሚደርስ የናኖ መድኃኒት ማን ይሠራል? ችግሩን በቆዳው የሚያውቀው የሐርላ፣ የመልካ ጀብዱ ወይም የመተማ ልጅ ቢሆንስ?

ለቤተሰብ የምንመክረው

1. ልጃችሁ ኬሚስትሪ ሲደርሰው አታልቅሱበት። ሒሳብና እንግሊዝኛውን እንዲያጠነክር፣ ቤተ ሙከራ የመግባት ዕድል ሲያገኝ እንዳያሳልፍ አበረታቱት። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ካሪኮን አስታውሷት።

2. ቀስ በቀስ የሚለቅ ተብሎ የተሠራን ክኒን ፋርማሲስት ሳትጠይቁ አትሰብሩ፣ አትፍጩ፤ ለብዙ ሰዓት የታሰበው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊለቀቅና ሊጎዳችሁ ይችላል።

3. መድኃኒትን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በመስኮት ላይ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አታስቀምጡ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክ አንብቡ።

4. ከመተማ ወይም ከሑመራ የተመለሰ የቤተሰብ አባል ከሁለት ሳምንት በላይ ካተኮሰውና ከከሳ «ወባ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ለሐኪሙ የት እንደነበረ ነግራችሁ የካላዛር ምርመራ ይደረግለት።

5. «ናኖ» የሚል ቃል ስለተጻፈበት ብቻ ቅባትም ሆነ ክኒን አትግዙ። እውነተኛው የናኖ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነው። ተሸካሚው ራሱም በሰውነት ላይ ጉዳት እንዳያስከትል መመርመር አለበት፤ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ከጉዳት የጸዳ አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ የጥንቶቹ ሐርላዎች ግዙፍ እንዳልነበሩ ቁፋሮው ነግሮናል። በእጃቸው ዶቃ የሚሠሩ፣ ዕቃቸውን ባሕር ተሻግሮ ከሚመጣ ነጋዴ ጋር የሚለዋወጡ፣ እንደኛው ያሉ ሰዎች ነበሩ። ዘንድሮ ኬሚስትሪ የደረሰው የጎረቤታችሁ ልጅ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት፤ «አይዞህ» ማለቱን ትታችሁም «እንኳን ደስ አለህ» በሉት። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እንገናኛለን።